ልጄ ኢንተርኩለሩን የገጠመችበት ሰሞን

ጡረታ ስወጣ የገዛኋት መኪና ትንሽ ናት። ሠላሳ ዓመት ያህል የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሹፌር ሆኜ ትልልቅ መኪና ስነዳ ኖሬ፣ ለራሴ ስገዛ አቅሜ የደረሰው ለእሷ ነበር። አሮጌ የጃፓን ሥሪት ናት፤ ኮፈኗ ላይ እንደ አፍንጫ የቆመ የአየር ማስገቢያ አላት። የሆሳዕና ሰው አፍንጫዋን እያየ ይስቅ ነበር። የሸጠልኝ ሰውዬ ግን «ቱርቦ ናት፤ ትንሽ ናት ብለው እንዳይንቋት» አለኝ። እውነቱን ነው። ጠዋት በብርዱ ከከተማ ስወጣ እግሬን ገና ሳሳርፍባት ትፈተለካለች።

ችግሯ የሚመጣው ከረፋድ በኋላ ነው። በኮንትራት ሰው ይዤ ወደ ሾኔ ወይም ወደ ሀደሮ ስሄድ፣ ፀሐይ በርትቶ ዳገት ከገጠመኝ ጉልበቷ ይከዳታል። ሞተሩም ጣሳ ውስጥ ጠጠር ጨምረው የሚያንኮሻኩሹት ዓይነት ድምፅ ያወጣል። ሹፌር ሲያረጅ ዓይኑ ይደክማል እንጂ ጆሮው አይደክምም። ተሳፋሪው እንዳያውቅብኝ ማርሽ ቀንሼ፣ አንድ ወሬ አንስቼ፣ እያዘገምኩ እወጣለሁ።

ሁለት ጋራዥ ወሰድኳት። አንደኛው ጥፋቱን በቤንዚኑ አላከከ። ሁለተኛው «ጋሼ፣ ቱርቦውን አውልቀው ይጣሉት፤ እንደማንኛውም መኪና ትሆንልዎታለች» አለኝ። ላስወልቀው ወስኜም ነበር። ያስተወችኝ ልጄ ናት።

እሷ ከአራት ልጆቻችን ሦስተኛዋ ናት። እኔ ሀዲያ ነኝ፤ እናቷ የጠምባሮ ሰው ናት፣ የሙዱላ አካባቢ ልጅ። ስንጋባ አንዳችን የሌላችንን ቋንቋ በግማሽ ነበር የምንሰማው፤ እንዲህ እንዲህ እያልን የቤታችን ቋንቋ አማርኛ ሆኖ ቀረ። ልጂቱ አሥረኛ ክፍልን ስትጨርስ አውቶ ሜካኒክ እማራለሁ አለች። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች «ነርስነት አይሻላትም?» ብለው መከሩን። እኔ አልከለከልኳትም፤ ይህንንም እንደ ደግነት ቆጥሬው ነበር። ሐቁን ለመናገር ግን ዝም ያልኩት አምኜባት ሳይሆን፣ እጇ ግራሶ ሲነካ ራሷ ትተወዋለች ብዬ ነው።

አልተወችውም። ለልምምድ የገባችበት ጋራዥ ስድስት ወር ሙሉ የተፈታ ዕቃ በናፍጣ ሲያሳጥባት ከረመ፤ መፍቻ የሚይዙት ሌሎቹ ነበሩ። ተመረቀችና ሁለት ዓመት ሙሉ ማመልከቻዋን ይዛ ዞረች። አንድ ቦታ ገንዘብ ተቀባይ ትሁን አሏት። ሌላ ቦታ ፈገግ ብለው ወረቀቷን መለሱላት። ከዚያ በኋላ ስለ ሥራ ማውራት ተወች፤ ጠዋት ጠዋት ግቢያችን ውስጥ የመኪናዬን ኮፈን ከፍታ ታያታለች፣ መልሳ ትዘጋዋለች።

ቱርቦውን ላስወልቅ መሆኔን የነገርኳት አንድ እንደዚያ ባለ ጠዋት ነው። ወደ ቤት ገባችና የወንድሟን የብስክሌት መንፊያ ይዛ ወጣች። አፉን በጣቷ ደፍና ደጋግማ ነፋችው።

«አባዬ፣ እስቲ ንካው» አለችኝ።

ነካሁት። የመንፊያው ጫፍ ግሏል።

«አየር ሲታመቅ ይግላል። ቱርቦውም የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ አየር አምቆ ለሞተሩ ይሰጣል። የጋለ አየር ደግሞ ስስ ነው። ሞተሩ አይጠግብም፣ ቤንዚኑም ያለ ጊዜው ይቀጣጠላል። የምትሰማው የጠጠር ድምፅ እሱ ነው። ቱርቦው ጥፋት የለበትም።»

«ታዲያ የሾኔን ሙቀት ምን ልታደርጊው ነው?»

ኮፈኑን ከፈተችና ከሞተሩ አናት ላይ የተቀመጠች፣ መጽሐፍ የምታህል የአሉሚኒየም ዕቃ አሳየችኝ። ሠላሳ ዓመት መኪና ስነዳ እንዲህ ያለውን ነገር አንድ ቀን ልብ ብዬ አላየሁም። «ይቺ ኢንተርኩለር ናት» አለች። «ራዲያተር ውሃ ያቀዘቅዛል፣ ይቺ ደግሞ አየሩን ታቀዘቅዛለች። ግን የት እንዳስቀመጧት ተመልከት። ከሥሯ ሞተሩ ይጠብሳታል። ዳገት ላይ ቀስ ስትል ደግሞ በአፍንጫዋ የሚገባው ነፋስ አይበቃትም። ተለቅ ያለ ፈልገን ከፊት፣ ከራዲያተሩ ፊት ለፊት፣ ነፋስ በቀጥታ የሚያገኘው ቦታ ላይ እንስቀለው።»

«ፋብሪካ የሠራውን እኛ ልናርመው ነው?»

«ፋብሪካው ሀደሮን አያውቀውም» አለችኝ።

እኔ ማመንታቴን አልተውኩም። ነገሩን የቆረጠችው ባለቤቴ ናት። ልብስ እያሰጣች ሁሉንም ሰምታ ኖሯል፤ «አንተ ሠላሳ ዓመት ነዳህ እንጂ ከፍተህ አላየህም። ያየችው ትሥራው» አለች።

ልጄ የመኪናዋን የፊት ክፍል በሜትር ለክታ፣ የልኩን ያህል ካርቶን ቆርጣ፣ ካርቶኑን ተሸክማ ከእናቷ ጋር አዲስ አበባ ሄደች። ሶማሌ ተራ ያገለገለ ዕቃ የሚሸጡት ሰዎች ካርቶን ይዛ ከሱቅ ሱቅ ስትዞር «ቆርቆሮ ነው የምትፈልጊው?» እያሉ ሳቁባት። ባለቤቴ ይህን ስትነግረኝ እሷም እየሳቀች ነበር። «እሷ ግን አልሰማቻቸውም። ዕቃውን ታነሳለች፣ ካርቶኑን ትለጥፍበታለች፣ ታስቀምጣለች። መጨረሻ ላይ አንዱ ሱቅ ራሱ ካርቶኑን ተቀብሎ ይፈልግላት ጀመር።» ከአንዲት ትንሽ የጭነት መኪና የወለቀ አገኙ። ስስ ቅጠሎቹ እንዳይታጠፉ ብላ ከአዲስ አበባ እስከ ሆሳዕና ጭኗ ላይ አቅፋው መጣች።

ሥራው ሳምንት ፈጀ። መጀመሪያ ፓራውልቱን፣ የፊቱን መከላከያ፣ አወረድን፤ ከሥሩ ያለው የብረት አግዳሚ ኢንተርኩለሩን አላስቀምጥ አለ። መሃሉን ቆርጣ በወፍራም ላሜራ አጠናከረችው። ክላክሱ ቦታ ዘግቶ ነበርና ወደ ጎን አዛወረችው። እኔ ሥራዬ መያዝ ነበር፤ ያዝ ስትለኝ እይዛለሁ፣ ልቀቅ ስትለኝ እለቃለሁ። ቱታዋን ለብሳ መሬት ላይ ተንጋላ ስትሠራ አፏ ውስጥ ሁለት ሦስት ብሎን ትይዝና ስትናገር አይገባኝም ነበር። «ምን አልሽ?» እላለሁ፤ ብሎኖቹን አውጥታ ትደግመዋለች፣ መልሳ ትጎርሳቸዋለች።

የቀረው ቧንቧው ነበር። አየሩ ከቱርቦው ወጥቶ ወደ ፊት እንዲመጣ፣ ቀዝቅዞም ወደ ሞተሩ እንዲመለስ፣ የታጠፉ የብረት ቧንቧዎች ያስፈልጋሉ። በመናኸሪያው መንገድ ማርሚታ፣ የመኪና ጭስ ማውጫ፣ የሚበይድ አንድ ሰው አለ፤ አባቱ በመምህርነት ከጎጃም መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ እሱም ሆሳዕና ተወልዶ ያደገ፣ እጁ የተመሰገነ ባለሙያ ነው። ልኩን ይዘን ሄድን።

«ጋሼ፣ የመጀመሪያው እጥፋት ስንት ሴንቲ ላይ ይሁን?» ብሎ ጠየቀኝ።

እኔም መለስኩለት። ሳላውቀው ሃያ ብዬ መለስኩለት። ልጄ ወረቀቷን ይዛ በመካከላችን ቆማለች። ቀና ብላ አላየችኝም፤ ወረቀቷን ነው ያየችው። እዚያ ወረቀት ላይ የተጻፈው ሃያ ስምንት ነበር። ሰውዬው ሁለተኛውንም ወደ እኔ ዞሮ ሲጠይቅ፣ «እሷን ጠይቃት። ሥራው የእሷ ነው፤ የመጀመሪያውንም እኔ ተሳስቼ ነው» አልኩት። ይህችን ለማለት አንድ ስህተት መሳሳት ነበረብኝ።

ከዚያ በኋላ ሁለቱ ተግባቡ። አንድ ነገር ላይ ብቻ ተከራከሩ። ቧንቧዎቹ የሚያያዙት በጎማ ቱቦ ሲሆን ጎማው በብረት ማሰሪያ ይጠብቃል። ልጄ በእያንዳንዱ ቧንቧ ጫፍ ላይ ዙሪያውን ከፍ ያለ ቀለበት ይበየድልኝ አለች።

«ማሰሪያው ከጠበቀ ምን ያደርግልሻል?»

«ግፊት አለ። ልሙጥ ቧንቧ ላይ ጎማው እየተንሸራተተ ይወጣል። ቀለበቱ ነው የሚያስቀረው።»

ሰውዬው ትንሽ አሰበና «እሺ፣ እህቴ» ብሎ ስድስቱንም ጫፍ በየደላት።

አሁን የምነግራችሁን ለመናገር ዛሬም ደስ አይለኝም። ቅዳሜ ከሰዓት ልጄ ለመዘምራን ልምምድ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ከመሄዷ በፊት የመጨረሻውን ቧንቧ ሞክራው ነበር፤ በግራ በኩል ከፊት መብራቱ ጋር እየተጋጨ ሁለት ጣት ያህል ረዘመ። «ሰኞ በያጁ ጋ ወስጄ አሳጥረዋለሁ» ብላ ሄደች። እኔ ብቻዬን ቀረሁ። ሳምንቱን ሙሉ ያዝና ልቀቅ ስባል የሰነበትኩ ሰውዬ፣ አንድ ነገር ራሴ ልጨርስ ብዬ ተነሳሁ። የብረት መጋዝ አመጣሁና ሁለት ጣቱን ቆረጥኩት።

የተቆረጠው ቁራጭ መዳፌ ላይ ሲወድቅ ቀለበቱ አብሮት እንዳለ አየሁ። ለምን እንደተበየደም አውቃለሁ፤ ሲከራከሩ ቆሜ ሰምቻለሁ። ግን በያጁ ዘግቶ ሄዷል፣ ልጄም ስትመጣ ተሠርቶ ብታየው ደስ ይላታል ብዬ አሰብኩ። ጎማውን አስገባሁ፣ ማሰሪያውን ባለ በሌለ ጉልበቴ አጠበቅሁት። ቁራጩን ከውድቅዳቂ ብረት መካከል ወረወርኩት።

ልጄ መጥታ ስታይ «ገባ እንዴ? እንዴት አደረግከው?» አለች።

«ትንሽ አስጠጋሁት» አልኳት።

አመነችኝ። እንዲያውም ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ።

እሑድ ከጉባኤ በኋላ ከተማዋን ዞርንባት። መኪናዋ ሌላ መኪና ሆናለች። ቆመን ኮፈኑን ከፍታ እጄን ያዘችና መጀመሪያ ከቱርቦው የሚወጣውን ቧንቧ አስነካችኝ፤ እጄን ሰበሰብኩ፣ ያቃጥላል። ከዚያ ከኢንተርኩለሩ የሚመለሰውን አስነካችኝ። የጠዋት ድንጋይ ያህል ቀዝቃዛ ነበር። እኔም ቅዳሜ ያደረግሁትን በልቤ «በቃ፣ ያዘ» ብዬ ዘጋሁት።

በማግስቱ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ሆሳዕና ሆስፒታል ተኝተው ከቆዩበት ወጡ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው የዝንጅብል ገበሬ ናቸው፤ ሆዳቸውን ተቀድደው ደህና ሆነዋል፤ ግን በአውቶቡስ መንገላታት የለባቸውም ተባልን። ወደ ሙዱላ እኔ ላደርሳቸው ሆነ። እሳቸው ከፊት፣ ባለቤቴና ልጄ ከኋላ ተቀምጠው በአንጋጫ አድርገን ወደ ዱራሜ ወረድን። ዱራሜ ሻይ ጠጣን። ሽማግሌው ሻዩን በሁለት እጃቸው ይዘው «መኪናህ ዛሬ አይጮህም» አሉኝ። ባለፈው ዓመት ሲሳፈሩ ያንን የጠጠር ድምፅ ሰምተው ኖሯል፤ ወሬዬ አላታለላቸውም።

ሀደሮ ስንደርስ ፀሐዩ አናት ላይ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለውን ዳገት ሁልጊዜ በሁለተኛ ማርሽ፣ አንዳንዴም በአንደኛ ነበር የምወጣው። በሦስተኛ ጀመርኩት። ወጣች። አራት ሰው ይዛ፣ በዚያ ሐሩር፣ ያለ ምንም ድምፅ ወጣች። በመስታወቱ ልጄን አየኋት፤ በመስኮት ወደ ውጭ እያየች ነበር፣ ግን ጆሮዋ ሞተሩ ላይ እንደነበረ አውቃለሁ። ደስ አለኝና እግሬን ጨመርኩ።

ቧ አለ። ተከትሎ እንደ ትልቅ ትንፋሽ ያለ ነገር ተሰማ፤ መኪናዋ ተንቀጠቀጠችና ሞተሩ ጠፋ። ዳር ይዤ ቆምኩ። የፍሬኑን እጀታ ከመሳቤ በፊት ምን እንደሆነ፣ በየትኛው በኩል እንደሆነ አውቄዋለሁ።

ልጄ ወርዳ ኮፈኑን ከፈተች። በግራ በኩል ጎማው ከቧንቧው ወልቆ ተንጠልጥሏል። ከኋላችን ዝንጅብል የጫነ ፒክአፕ መጥቶ ቆመ። ሾፌሩ ወርዶ ተመለከተና «ይሄ ከፊት የተሰቀለው ምንድን ነው? ማን ነው የገጠመው?» አለ።

«እኔ ነኝ» አለች ልጄ።

ሰውዬው ክፉ አልተናገረም። «ኧኸ» ነው ያለው፤ ያችን «ኧኸ» ግን እሷ ሁለት ዓመት በየጋራዡ በር ላይ ስትሰማት ኖራለች። ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። ወደ እኔ ዞራ ዝቅ ባለ ድምፅ «አባዬ፣ የእኔ ጥፋት ነው። ከመነሳታችን በፊት ማሰሪያዎቹን ደግሜ ማየት ነበረብኝ። አጎቴንም መንገድ ላይ አስቀረሁት» አለች። መፍቻውን አንስታ ማሰሪያውን ትፈትሽ ጀመር።

ሁለት ባጃጅ እስኪያልፉን ድረስ የወለቀውን ጎማ አየሁ። ጎማውን መልሰን ብናጠብቀው፣ ቀስ ብለን ብንሄድ፣ በኋላ እኔ በስውር በያጁ ጋ ወስጄ ባስተካክለው ማንም አያውቅም ነበር። ይህ ሁሉ በሐሳቤ መጥቷል። ደግሞ እሷ ጥፋቱን ለራሷ አድርጋ ወደ ቤት ብትገባ፣ ያንን ኮፈን ዳግመኛ እንደማትከፍተው ታወቀኝ።

«ማሰሪያው አይደለም» አልኩ። «ቀለበቱን ቆርጬ የጣልኩት እኔ ነኝ። ቅዳሜ ዕለት። አስጠጋሁት ያልኩሽ ውሸት ነው።»

ሾፌሩ ወደ መሬት አየ። ልጄ ጣቷን ወደ ቧንቧው ጫፍ ሰድዳ ዙሪያውን ዳሰሰች። ልሙጥ ነው።

«ከቆረጥከው በኋላ ለምን አልነገርከኝም?»

«አፈርኩ።»

«ከመቁረጥህ በፊትስ ለምን አልጠበቅከኝም?»

ይህኛው ከበደኝ። ባለቤቴ ከመኪናው ወርዳ ከኋላዬ ቆማ ነበር። «ባንቺ ሙሉ በሙሉ ስላላመንኩ ነው» አልኳት። «እየሠራሽ እያየሁም የእኔ እጅ ካልገባበት አይሆንም ብዬ ነው። አሁን ግን አየሁት። ያንቺ አምስቱ ጫፎች ይዘዋል፤ የወለቀው የእኔ ነው።»

አለቀሰችም፣ ሳቀችም ማለት አልችልም። ብቻ እጅጌዋን ሰበሰበች። ከመኪናው ውስጥ ሽማግሌው በራሳቸው ቋንቋ ለእህታቸው የሆነ ነገር አሉ፤ ባለቤቴ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። «ምን አሉ?» ብላት «ጥፋቴ ነው የሚል ሾፌር ሳላይ ልሞት ነበር፤ ቀዶ ሕክምናው በጀኝ አሉ» አለችኝ።

ልጄ ወደ ፒክአፑ ሾፌር ዞረች። «ሞረድና የብረት ሽቦ ይኖርሃል?»

ነበረው። የቧንቧውን ጫፍ በሞረድ ፍቃ አሻከረችው፤ ዘይቱን በጨርቅ ጠረገች። ሽቦውን ጫፉ አጠገብ ሁለት ዙር ጠምጥማ በፒንሳ አጥብቃ ጠመዘዘችው፤ እንደ ቀለበት ሆነ። ጎማውን በላዩ አሳልፋ አስገባችና ማሰሪያውን ከሽቦው ወዲህ አሰረችው። ሾፌሩ እጁን አጣምሮ ሲያይ ቆይቶ፣ ቀስ በቀስ ተጠግቶ ጎማውን ይይዝላት ጀመር። ያዝ ስትለው ይይዛል፣ ልቀቅ ስትለው ይለቃል። እኔ ያንን ሥራ አውቀዋለሁ።

«ለዛሬ ይበቃል» አለች። «ግን እግርህን አትጨምር፤ ቱርቦው ብዙ እንዳይነፋ ቀስ ብለህ ንዳ።»

ሾፌሩ እጁን እየጠረገ፣ «እህቴ፣ የእኔም ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ ያጨሳል። አንድ ቀን ታይልኛለሽ?» አላት። ሆሳዕና የት እንደምትገኝ ነገረችው።

ሙዱላ በሰላም ገባን። ሽማግሌውን ደግፈን አስገባናቸው፤ ጎረቤት ተሰብስቦ ጸለየ፣ ምሳ በላን። ልንነሳ ስንል ሽማግሌው ልጄን ጠርተው ሁለት እጇን ያዙ። ጥፍሯ ሥር የገባው ጥቁር ገና አልለቀቀም። «እነዚህን እጆች ጌታ ይባርክ» አሉ በአማርኛ፤ ቀጥለው በራሳቸው ቋንቋ ረዘም ያለ ነገር ተናገሩ። እናቷ «አሜን» አለች። ልጄም ሙሉ በሙሉ ሳትሰማው አሜን አለች።

መኪናዋ ጋ ስንደርስ ቁልፉን ለልጄ ሰጠኋት። መንጃ ፈቃድ ካወጣች ቆይታለች፤ ከግቢያችንና ከሠፈራችን ጠጠር ሜዳ በቀር ግን ሌላ ቦታ ነድታት አታውቅም፤ እኔ ነኝ ያልሰጠኋት። ተቀብላ መቀመጫውን ወደ ፊት አስጠጋች። እኔ በገዛ መኪናዬ ከጎን ስቀመጥ ያ የመጀመሪያዬ ነበር፤ እጄን የት እንደማደርገው ግራ ገብቶኝ ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩት። የመልሱን ዳገት እንዳለችው እግሯን ሳትጨምር ወጣችው። ዓይኔን ጨፍኜ አዳመጥኩ። ነፋስና የጎማው ድምፅ ብቻ ነው።

በሳምንቱ ያችን ቧንቧ ወስደን ቀለበቷን አስበየድን። በያጁ ምን እንደሆነ ጠየቀ፤ እኔው ራሴ ነገርኩት። ስቆ ሲያበቃ ወደ ልጄ ዞሮ፣ «እኔ ብየዳ እንጂ ሞተር አልነካም። ሰው ሁሉ ማርሚታ ሊያሠራ መጥቶ ሞተሬን እይልኝ ይለኛል። ይሄ ግማሹ መጠለያ ባዶውን ነው የሚውለው፤ ለምን አትገቢበትም?» አላት። ልጄ እኔን አላየችኝም። «ሰኞ እመጣለሁ» አለችው።

እነሆ ስምንተኛ ወሯን ያዘች። የፒክአፑ ሾፌር መጣ፤ ሌላ ሾፌር ይዞ ነው የመጣው። አንዳንዱ ደንበኛ አሁንም በያጁን ነው የሚያናግረው፤ በያጁ በጭንብሉ ወደ እሷ ይጠቁማል። ሥራ የሌለበትም ቀን አለ፤ ያን ቀን ቁጭ ብላ መፍቻዎቿን ትወለውላለች።

መኪናዬ ዳገቱን ትወጣለች። አንድ አዲስ ነገር ግን መጥቷል፤ በገበያ ቀን ከተማ ውስጥ ቆም ቆም እያልኩ ስሄድ የሙቀቱ መርፌ ከፍ ይላል። ነገርኳት።

«አውቃለሁ» አለች። «ኢንተርኩለሩ ከራዲያተሩ ፊት ስለተሰቀለ ነፋሱን ይሻማዋል። ተጨማሪ ፋን እንጨምርለታለን። ቅዳሜ ፓራውልቱን አወርደዋለሁ።»

«ቅዳሜ ልምምድ የለሽም?»

«አለኝ። እስክመጣ ድረስ ምንም ነገር እንዳትነካ።»

«እሺ» አልኳት። አልነካሁም።